ሬሳ የሌለው ለቅሶ

ዶዮገና ላይ ጦርነት አይታይም። ከሆሳዕና በስተደቡብ በከምባታ ደጋ ላይ ያለችው ይህቺ ከተማ ዙሪያዋን እንሰት ነው። ተዳፋቱ እርከን፣ እርከኑ ላይ የደሾ ሣር፣ ሣሩን የሚበላ በግ። የዶዮገና በግ መቼም ስም ያለው በግ ነው። አገራችን ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ስትዋጋ የከረመችባቸው ቦታዎች፣ ናቅፋና አፍአበት፣ ባድመና ፆረና፣ ኋላም መቀሌና ወልድያ፣ ሁሉም ከዚህ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የራቁ ናቸው። ጦርነት ዶዮገና የሚደርሰው በመድፍ አይደለም። በሬዲዮ ይደርሳል፤ መምጣት ባቆመ ደብዳቤ፣ ጥሪ በማይቀበል ስልክ ይደርሳል። አንዳንዴም ሌሊት ሌሊት እየባነነ በሚጮኽ፣ ቀን ቀን ሰው በማያናግር ተመላሽ ልጅ ይደርሳል።

በጦርነት ዘመን ለሚኖር ሰው ስለሚደረግ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ድጋፍ የሚጽፉ ባለሙያዎች «የመደጋገፊያ ቡድን» የሚሉት ነገር አለ። ነገሩ ቀላል ነው። ተመሳሳይ መከራ የደረሰባቸው ጥቂት ሰዎች በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ቦታ እየተገናኙ ይቀመጣሉ። የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ይሰማል። ሐኪም ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም ይቀመጣሉ። ይህን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ብትነግሩት «እና ይሄ ከእድር በምን ይለያል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አንድ ቃል አይደለም፤ ትንሽ ወደኋላ ሄዶ መምጣት ይፈልጋል።

በከምባታ እድር ታላቅ ወንድም አለው፤ ስሙ ሴራ ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ በእኛ ቋንቋ ሴራ የሚጎነጎን ነገር ነዋ! በከምባትኛ ግን ሴራ ደንብ ነው፤ ደንቡን የሚጠብቀው የሰፈር ማኅበርም በዚሁ ስም ይጠራል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ያዕቆብ አርሳኖ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ የጥናት መድበል ውስጥ ስለዚሁ ሴራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፈዋል። ጎረቤት ሲሞት መቅበር፣ ቤት ሲቃጠል መልሶ ማቆም፣ ሰው ሲጣላ ማስታረቅ፣ ሁሉም የሴራ ጉዳይ ነው። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። አልመለስም ያለ ደግሞ ይገለላል፤ መገለል ማለት ቀባሪ ማጣት ነው። ከዚህ የከፋ ቅጣት አባቶቻችን አላሰቡም።

በገንዘብ መዋጮ የሚሠራው፣ መዝገብና ማኅተም ያለው እድር ግን ከተሜ ነው። አጥኚዎች እንደሚሉት በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሰዎች፣ በተለይም ጉራጌዎች፣ ጀመሩት፤ በሰፊው የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ ወዲህ ነው። ከዘመዱ የተለየ ሰው «እዚህ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ያቆመው ማኅበር ነው ማለት ነው። ጦርነት ሰውን ከዘመድ ይለያልና እድር በጦርነት ዘመን መስፋቱ አይገርምም።

በዚያው በወረራው ዘመን በከምባታ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሌላም ነገር ሆኗል። በ1920 ዓ.ም. ግድም ወደ አካባቢው የመጡት የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በጣሊያኖች ሲባረሩ ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ጥቂት ነበሩ። ወራሪው ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ጠበቃቸው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህ የራሳቸው ማብራሪያ አላቸው፤ እሱን አልነካም። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ጎኑ ነው። የሚሰበሰቡት ተደብቀው፣ በየሰው ቤት ነበር። በወላይታ ለታሠሩት ስንቅ ይመላለስላቸው ነበር። የሚፈራ ሰው ከሚፈራ ሰው ጋር ተቀምጦ ይዘምራል፣ ይበላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ በዶዮገናም ሆነ በሆሳዕና በሥራ ቀን ጠዋት ለጸሎት የሚሰባሰቡት ሴቶች የዚያ ልማድ ልጆች ናቸው። ለባለሙያ ብታሳዩት «ቡድን አላችሁ እኮ» ይላችኋል።

እስካሁን ያለው ደስ የሚል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሬሳው ሲጠፋ ነው።

ሥነ ቃል በማስተምርበት ዘመን ስለ ሙሾ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበረ፤ አስለቃሿ የምትናገረው ለማን ነው? አብዛኞቹ «ለለቀስተኛው» ይላሉ። ግጥሞቹን አንድ በአንድ ስናያቸው ግን ብዙዎቹ «አንተ» እያሉ የሚጠሩት የተኛውን ሰው ነው። ይለምኑታል፣ ይወቅሱታል፣ ምነው ዝም አልክ ይሉታል። የለቅሶ ሥርዓታችን መሃል ላይ ሬሳ አለ። ድንኳኑ የሚተከለው፣ ጡሩምባው የሚነፋው፣ ቡናው የሚፈላው፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ተነሥቶ ነው። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ገልጣችሁ ብታነቡ የምታገኙት ይህንኑ ነው፤ አባል ሲሞት ይህን ያህል ብር፣ የአባል ልጅ ሲሞት ይህን ያህል፣ ወንዶች ይህን ያህል ቀን፣ ሴቶች ይህን ያህል ቀን ይቀመጣሉ። «ሞተ ወይስ አልሞተ አይታወቅም» የሚል አንቀጽ የለም።

መንግሥት ራሱ አንድ ጊዜ ይህን የተረዳ ይመስል ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት ከጀመረው ከቃኘው ጦር ከ120 በላይ ሰው ወድቋል። አገሩ የዓለም ጫፍ ነው፤ መንገዱ በመርከብ ሳምንታት ይፈጃል። ሆኖም የወደቁት አስከሬን ተመልሶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርፏል። የተማረከም አልነበረም። የሞተ ሞተ፣ የተመለሰ ተመለሰ፤ መሃል ላይ የተንጠለጠለ ሰው አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጦርነቶች ግን ብዛታቸውም ዐይነታቸውም ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ወጣ፤ አፈሳው ተከተለ። ከየገጠሩ የተወሰደው ልጅ ሰሜን ወርዶ ቀረ፤ መጋቢት 1980 አፍአበት፣ የካቲት 1982 ምጽዋ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱም፣ የሠራዊቱ መዝገብም አብሮ ተበተነ። ቀጥሎ የባድመ ጦርነት መጣ፤ ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992፣ በሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የበላ ጦርነት።

እስቲ አንዲት የዶዮገና እናት እናስብ። ልጇ በ1991 ዓ.ም. ዘምቶ ደብዳቤው ከአንድ ዓመት በኋላ ቆመ። ተኩስ ሲቆም ልጁ ወይ ሞቷል፣ ወይ ተማርኳል፣ ወይ አንድ ቦታ ተጥሎ ስሙ ጠፍቶታል። የመጨረሻዎቹ የጦር እስረኞች በቀይ መስቀል አማካይነት የተመለሱት በነሐሴ 1994 እና በኅዳር 1995 ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ መርዶ ሊያረዳት የሚደፍር ጎረቤት አይኖርም። ብታለቅስ በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ሟርት ነው። ባታለቅስ «ልበ ደንዳና» ትባላለች። ልብሱን ለታናሹ ብትሰጥ ቀበረችው ይባላል፤ ባትሰጥ ብል ይበላዋል። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ሁላችንም ያየነውን ታደርጋለች። የሰው ለቅሶ ላይ ሄዳ የራሷን ታለቅሳለች። ሟቹ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ይሆናል፣ እሷ ግን አንጀቷ እስኪቆረጥ ታነባለች፤ ለቀስተኛው አንድም ቃል ሳይናገር ለማን እንደሆነ ያውቃል።

ይህን ነገር በስም የጠሩት አሜሪካዊቷ ምሁር ፓውሊን ቦስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፉ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ ነበር። የታዘቡት ይህን ነው፤ ሰው ሞትን ይችላል፣ አለመታወቅን ግን አይችልም። ያልተቋጨ ኀዘን በሽታ አይደለም፤ ሐዘንተኛዋ ምንም አልጎደላትም፤ የጎደለው መረጃውና ሥርዓቱ ነው። ስለዚህም «እርምሽን አውጪ» ማለት ዋጋ የለውም ይላሉ። እርሟን ታወጣ ዘንድ አንድ ሰው እርም መሆኑን ሊነግራት ይገባ ነበር። ቦስ የመከሩት እነዚህ ቤተሰቦች እርስ በርስ እንዲገናኙ ነው፤ ያለ ማብራሪያ የሚግባቡት እነሱ ብቻ ናቸውና።

ለማነጻጸር ያህል የራሳችንን የቅርብ ነገር እናንሣ። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ወጣት ብዙ ነው። አንዱ እዚያ ሱቁ ውስጥ ተገድሎ ሲቀር የአገሩ ልጆች ያዋጣሉ፤ ሬሳው በአውሮፕላን ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ታጅቦ ይገባል። ሕዝቡ ይወጣል፣ ይቀበራል። ኀዘኑ መራራ ነው፤ ግን ለቅሶው ለቅሶ ነው። ከጆሃንስበርግ የሚመለስ ሬሳ አለ፣ ከባድመ ግን የለም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ከሁለቱ እናቶች የበለጠ የተደገፈችው የትኛዋ እንደሆነ ለመንገር ባለሙያ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ሌሎች የእርዳታ ተቋማት ተሰብስበው ለአደጋና ለጦርነት ጊዜ የሚሆን የአእምሮ ጤና መመሪያ አወጡ። ድጋፉን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። ከታች ምግብና ደኅንነት፣ ከላይ ጫፉ ላይ የሐኪም ሕክምና ነው። ከታች ሁለተኛው ደረጃ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ ነው፤ በምሳሌነት ከዘረዘሯቸው ውስጥ የጠፋ ዘመድን ማፈላለግና የለቅሶ ሥርዓት እንዲፈጸም መርዳት ይገኙበታል። እኛ ጥንት የምናውቀውን ፈረንጅ ሲጽፈው ደስ ይለናል መቼም! ቢሆንም ትንሽ እንታገሥ። መመሪያው የሚለው የለቅሶ ሥርዓት ተቋርጧልና እንዲፈጸም እርዱ ነው። የእኛው ተቋርጦ ማን ረዳው?

አሁን ደግሞ ወደ ተመለሰው ልጅ እንምጣ። በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት ተሰናበተ። የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሥርቶ እህል ሰጠ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ሰጠ፣ ለአንዳንዱም በሬ። ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም፤ በዚያ ድህነት መደረጉ ያስመሰግናል። ነገር ግን ሌሊት የሚባንነውን ሰው በሬ አያስተኛውም። ለአእምሮ ሕመም ተብሎ የቆመ ሆስፒታል ለአገር ሁሉ ለረጅም ዘመን አንድ አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከዶዮገና አማኑኤል የሚሄደው ደግሞ ታስሮ እንጂ ባንኖ አይደለም።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከቬትናም መልስ መጀመሪያ ያገኙት ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ጦርነቱን የሚቃወሙ ተመላሽ ወታደሮች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ማውራት ጀመሩ። ሮበርት ሊፍተንና ካይም ሻታን የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ተጋብዘው ገቡ፤ ግን ሐኪም ሆነው አልነበረም፣ እንደማንኛውም ተሰብሳቢ ነበር። ደንቡን የሚያወጡት ወታደሮቹ ናቸው። ከዚያ ክፍል የወጣው ወሬ ከአሥር ዓመት ትግል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ሕመሙ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መዝገብ ውስጥ ስም እንዲያገኝ ረዳ። ቡድኑ ቀደመ፣ ሳይንሱ ተከተለ።

የእኛ ተመላሽ ወታደሮች አይሰበሰቡም እንዳትሉ፤ ይሰበሰባሉ፣ አረቄ ቤት። ሁለት የናቅፋ ሰዎች አንድ ጠርሙስ ይዘው ሲያወሩ አጠገባቸው ተቀምጦ የሰማ ሰው ያውቀዋል። የመደጋገፊያ ቡድን ማለት ያ ነበር፤ ችግሩ ጠርሙሱ ነው። በከምባታ ደግሞ ችግሩ ይደረባል። ሕዝቡ በአብዛኛው ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው፤ መጠጥ የቀመሰ ከጉባኤው ይታገዳል። ስለዚህ ጦርነቱን ለማውራት የሚጠጣው ሰው ከጸሎት ቡድኑ ይወጣል፤ ከጸሎት ቡድኑ ያልወጣው ጦርነቱን አያወራም። ቤተ ክርስቲያኗን ለመክሰስ አይደለም። ሰውየው ግን በሁለት በር መሃል ቆሟል።

ለቅሶውም ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ወንጌላውያኑ ሙሾውን በመዝሙርና በስብከት ተክተውታል። መዝሙሩ ውብ ነው፤ ደረት መድቃትና ፊት መቧጨርም የቀረ ይቅር። አጽናኙ ግን ይጣደፋል። ሐዘንተኛው ገና አፉን ሳይከፍት ተስፋው ተሰብኮለት፣ «በርታ» ተብሎ ያልቃል። የድሮው ሙሾ ቢያንስ ሟቹን መውቀስ ይፈቅድ ነበር።

ማውራት መድኃኒት ነው ሲባልም እንዲሁ በደፈናው አይደለም። መከራ የደረሰበትን ሰው ወዲያው፣ አንድ ጊዜ አስቀምጦ ያየኸውን ሁሉ ተናገር ማለት በዓለም ዙሪያ ፋሽን ሆኖ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ጥናቶቹ ሲሰበሰቡ እንደማይጠቅም ታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። የለቅሶ ቤታችን ብልህነት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጦ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰው ማንም «ተናገር» አይለውም። መጥቷል፣ ይበቃል።

እጅ ሥራ ይዞ ማውራት ደግሞ ሌላ ብልሃት ነው። ዚምባብዌያዊው ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ 14 አሮጊቶችን አሠልጥነው ከጤና ጣቢያ ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። በሾና ቋንቋ ሕመሙ «ሐሳብ መብዛት» እንደማለት ነው የሚባለው፤ እኛም ከዚህ የተሻለ ስም የለንም። አሮጊቶቹ ችግረኛዋን ካነጋገሩ በኋላ ሴቶቹ በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኙበት ቡድን ውስጥ ያስገቧታል፤ እዚያ ቦርሳ እየሠሩ ያወራሉ። ይህን ሳነብ የታየኝ የእንሰት ፋቂ ሴቶች ናቸው። እንሰት ሲፋቅ ጎረቤት ይጠራል፣ ወንድ አይጠጋም፣ እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ግዴታ አይደለም። የጠፋ ልጅ ያላት እናት የምትናገርበት ቦታ ካለ ያ ነው፤ የእድር ስብሰባ አይደለም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። እድር ሁሉንም አይችልም። ሁሉም የሚተዋወቅበት ቦታ ሁሉም የሚያወራበት ቦታም ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተደፈሩ ሴቶች የጡሩምባ ነፊ ማኅበር አያስፈልጋቸውም። ለእነሱ የተዘጋ በር፣ ጥቂት ሰው፣ የሚጠበቅ ምስጢር፣ አጠገቡም ሐኪም ያስፈልጋል። የጦርነት ሐዘን ሁሉ አንድ ዐይነት እየመሰለን «ባህላችን ይበቃናል» ስንል የምናስቀራቸው እነሱን ነው።

የሚቻለውን ግን እድር እንደሚችል አይተናል። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ወጣቱን ሲፈጅ የአዲስ አበባ እድሮች ካዝናቸው እየተራቆተ፣ በየሳምንቱ እየቀበሩ ቆዩ። ኋላ አንዳንዶቹ ደንባቸውን ከፈቱ፤ ሳይሞት እንርዳው፣ ወላጅ የሞተበትንም ልጅ እናሳድግ አሉ። ስለ ሞት ብቻ የነበረ ደንብ ስለሚኖር ሰው አንቀጽ ገባበት። ከምባታም ውስጥ ቦጋለች ገብረ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር ያቋቋሙት ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለው በዐዋጅ ሳይሆን በውይይት ነው። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ያልተገረዘችውም ልጅ ተቀምጠው፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ወራት ሙሉ ተነጋገሩ። ነውር ነው ተብሎ የማይነሣ ነገር በጎረቤት ፊት ተነሣ። ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ የውይይት ልማዱን የቀመሰ ጎረምሳ ግን ዛሬ የእድር ዳኛ ለመሆን ዕድሜው ደርሷል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንድ አንቀጽ ነው። «የአባል ልጅ ወይም ባል ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ይህን ያህል ዓመት ወሬው ከጠፋ፣ ቤተሰቡ በጠየቀ ጊዜ፣ ድንኳን ይተከላል፣ አባላት ይቀመጣሉ፣ ፎቶግራፉ ወይም ልብሱ መሃል ይቀመጣል።» ቤተሰቡ በጠየቀ ጊዜ የምትለዋ ትሰመርባት፤ ያልፈለገች እናት ላይ ለቅሶ መጫን ሌላ ግፍ ነው። ጉዳዩ ለጉባኤ ቢቀርብ ክርክሩ አሁን ይታየኛል። ዓመቱ ሰባት ይሁን አሥር ይባላል። ፓስተሩ ፎቶግራፍ መሃል ማስቀመጥ ጣዖት ይመስላል ይላሉ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ተነሥተው፣ ልጁ አንድ ቀን በሕይወት ቢመጣ እድሩ ያወጣው ብር ይመለስ ወይስ አይመለስ ብለው ይጠይቃሉ። በዚህች ላይ አንድ እሑድ ሙሉ ይሟገታሉ፤ ሳይቋጭም ለሚቀጥለው ወር ይቀጠራል።